ከዘይት ጠብታ እስከ ሙሉ የሞተር ቤት እድሳት፦ የቮልስ ሞተርን አውርዶ የማደስ አሠራር

ቮልስ ቆሞ ያደረበት ቦታ ላይ ዘይት ከታየ መጀመሪያ የሚታሰበው አንድ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መሐል የሚገባ ማሸጊያ) መቀየር ነው። ብዙ ጊዜም በዚያው ያልቃል። ሞተሩን ማውረድ ግድ ከሆነ ግን ሥራው ይሰፋል፤ ላሜራው ዝጎ፣ ዙሪያውን የሚያሽገው ጎማ ደርቆ፣ የቤንዚን ቱቦው ተሰነጣጥቆ ይገኛል። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ከመጀመሪያው ጠብታ ተነስቶ ሞተሩ ታድሶ እስከሚነሳ ድረስ ያለውን ሥራ ይይዛል። ልኮቹ ባለአንድ ካርቡራተር ለሆኑት የ1300፣ የ1500 እና የ1600 ሞተሮች ናቸው። የ1200 ሞተር አሠራሩ ተመሳሳይ ቢሆንም አንዳንድ ልኮቹ ይለያሉ።

ሥራውን ስትጀምሩ አንድ ነገር ያዙ። የቮልስ ሞተር ቤት የማቀዝቀዣው አንድ አካል ነው። ሞተሩ ውኃም ራዲያተርም የለውም። ፋኑ ከላይ ከሞተር ቤቱ ቀዝቃዛ አየር ይስብና በሲሊንደሮቹና በቴስታታዎቹ (በሲሊንደር ራሶቹ) ክንፎች መሐል አሳልፎ ወደ መሬት ያወጣዋል። ላሜራዎቹና የዙሪያው ጎማ ሥራቸው ከታች ያለው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ላይ እንዳይወጣ መከልከል ነው። አንድ ላሜራ ከጎደለ ወይም ጎማው ከተቀደደ ፋኑ ያንኑ የሞቀ አየር ደጋግሞ ይስባል። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ፣ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ፣ አየሩ ራሱ ከአንድ አምስተኛ በላይ ስለሚሳሳ ሙቀት የመሸከም አቅሙም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ገንዘባችሁ የሚበቃው ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ ለጎማና ለላሜራ ይሁን። የሚያብረቀርቀው ክሮም ይቆይ።

ጠብታው ከየት ነው?

ሞተሩን ከታች በላምባና በቡሩሽ አጥባችሁ አድርቁት፤ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ነዱና መኪናውን ካርቶን ላይ አቁሙት። ፋኑ ዘይቱን ወደ ኋላም ወደ ጎንም ስለሚበትነው በቆሸሸ ሞተር ላይ የሚደረግ ፍለጋ ያሳስታል። ከታጠበ በኋላ የሚታየው ጠብታ ግን ምንጩን ያሳያል።

ከባልቦላ (ከቫልቭ) ክዳኖቹ ጠርዝ የሚወጣ ዘይት የቡሽ ጓርኒሲዮኑ ደርቋል ማለት ነው። ክዳኑን የያዘውን ሽቦ በካቻቪቴ ወደ ታች ስትገፉት ይለቃል። ማጣበቂያ የሚቀባው በክዳኑ በኩል ብቻ ነው፤ በቴስታታው በኩል ጓርኒሲዮኑ ደረቅ ሆኖ ይቀመጣል። አለበለዚያ ባልቦላ ለማስተካከል በከፈታችሁ ቁጥር ይቀደዳል።

ከሲሊንደሮቹ ስር ካሉት ስምንት ቱቦዎች ጫፍ የሚንጠባጠብ ከሆነ የባልቦላ ገፊ ዘንጎች ቱቦ ጎማ ሞቷል። ከመሐል ታች፣ ከዘይት ወንፊቱ ሰሌዳ የሚመጣ ከሆነ ስድስቱን ዳዶዎች ይበልጥ አታጥብቁ። የማጥበቂያ ልካቸው 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ፊሌቱ (የቡሎኑ ጥርስ) ይበላል። ሁለቱን ጓርኒሲዮንና የመዳብ ራንዴላዎቹን (ቀጫጭን ቀለበቶቹን) ቀይሩ። በግራ በኩል 3ኛውና 4ኛው ሲሊንደር አካባቢ ከላይ እየወረደ የሚመጣ ዘይት ብዙ ጊዜ ከዘይት ማቀዝቀዣው ሁለት ጎማዎች ነው። የዘይት ግፊት ስዊቹም እዚያው በግራ ስለሚገኝ አስቀድማችሁ እሱን እዩት፤ ማቀዝቀዣው ነው ተብሎ ሞተር ወርዶ ጥፋቱ ስዊቹ ሆኖ የተገኘበት ሥራ ብዙ ነው።

ከኋላ ፑሊው በኩል የሚወጣ ዘይት ትርጉሙ ሌላ ነው። እዚያ ጋ መደበኛው ሞተር ኦይል ሲል (ዘይት የሚያግድ ክብ ጎማ) የለውም፤ ዘይቱን የሚመልሱት መበተኛ ሰሃንና ፑሊው ላይ የተቀረጸ ጥርስ ናቸው። በዚያ የሚፈስ ከሆነ ወይ የመተንፈሻ ቱቦው ተደፍኗል፣ ወይ የፒስተን ፋሻዎቹ (ቀለበቶቹ) አልቀው ጭሱ ወደ ብሎኩ እየወረደ ነው።

በመጨረሻም ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከሚጋጠሙበት ቦታ የሚንጠባጠብ። በጣታችሁ ነክታችሁ አሽትቱት። ወፍራምና ድኝ ድኝ የሚሸት ከሆነ የካምቢዮ ዘይት ነው፤ ቀጭንና የጠቆረ ከሆነ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ሰሃን) ኦይል ሲል የመጣ የሞተር ዘይት ነው። በሁለቱም መንገድ ሞተሩ መውረድ አለበት። ቶሎ ካልተሠራ ዘይቱ የፍሪሲዮን (ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘውና የሚለያየው ክፍል) ዲስኩን ያበላሸዋል፤ ዘይት የጠጣ ዲስክ ደግሞ በምንም ታጥቦ አይድንም።

ሞተሩ ሳይወርድ ያልቅ ይሆን?

ችግሩ አንድ ወይም ሁለት የገፊ ዘንግ ቱቦ ብቻ ከሆነ ሁለት ቁራጭ ሆኖ በስፕሪንግ የሚለጠጥ ቱቦ ይሸጣል። የባልቦላ ክዳኑን ከፍታችሁ የሮከሩን (ባልቦላውን የሚጫነውን ክንድ) ዘንግ ሁለት ዳዶዎች ፍቱ፣ ገፊ ዘንጉን ሳቡና አሮጌውን ቱቦ በፒንሳ ጨፍልቃችሁ አውጡት፤ አዲሱን አሳጥራችሁ አስገቡትና ልቀቁት። ሮከሩን በ24 ኒውተን ሜትር መልሳችሁ ባልቦላውን አስተካክሉ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ለመንገድ ጥገናም ምርጡ መፍትሔ ይህ ነው። አራት አምስቱ አብረው ካፈሰሱ ግን ጎማዎቹ ሁሉ በአንድ ዕድሜ ስለደረቁ ሌሎቹም ይከተላሉ።

ለማውረድ ከወሰናችሁ አንድ ምርመራ ቀለም ከመገዛቱ በፊት መደረግ አለበት። ሞተሩ ጠፍቶ የታችኛውን ፑሊ በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡት፣ ከዚያ ግፉት። ጤነኛ ሞተር ላይ የክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) የፊትና የኋላ ጨዋታ ከ0.07 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በእጅ ብዙም አይሰማም። ቀጭ ቀጭ የሚል እንቅስቃሴ ከተሰማችሁ የቮላኖው በኩል ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ማረፊያ) ወይም የተቀመጠበት ብሎክ ተበልቷል። ያ ሞተር ተከፍቶ ቶርኖ ቤት መግባት አለበት፤ ላዩን ቀለም መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው። ኦይል ሲል ብትቀይሩለትም ቮላኖው እየተወዛወዘ አዲሱን ይበላዋል።

ማውረድ

1. መሬቱ ደረቅና ጠንካራ ይሁን። ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር በቀኝ በኩል ነው፤ ኔጋቲቩን ፍቱ። ዘይቱን አፍስሱ፤ 2.5 ሊትር ነው።

2. የአየር ፊልትሮውን፣ የነዳጅ መስጫውን ሽቦ፣ የቦቢናውን (የእሳት ኮይሉን)፣ የካርቡራተሩን፣ የዘይት ስዊቹንና የዲናሞውን ገመዶች ፍቱ። ለእያንዳንዱ ገመድ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ለጥፉበት፣ ፎቶም አንሱ። የነዳጅ መስጫ ሽቦው በፋኑ ቤት ውስጥ በቱቦ ስለሚያልፍ ሞተሩ ሲወርድ ይዞት እንዳይሄድ ወደ ፊት ሳቡት።

3. ከኋላ ሞተሩንና ቦዲውን የሚያገናኘውን ላሜራ ብሎኖች ፍቱ። የማሞቂያ ቱቦዎቹን አላቁ።

4. ኋላውን አንስታችሁ በሁለት ጠንካራ ማቆሚያ ላይ አሳርፉት። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር ማንም አይገባም። ሞተሩ ከነፋን ቤቱ በባምፐሩ ስር ለማለፍ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይፈልጋል።

5. ከስር ሆናችሁ የቤንዚን ጎማውን ቆንጥጣችሁ ፍቱና በቡሎን ድፈኑት። ታንኩ ከፊት ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ካልተደፈነ ይፈስሳል። በአቅራቢያው ሲጋራም መብራት ያለው አምፖልም አይኑር። የማሞቂያ ሽቦዎቹን ፍቱ።

6. ሞተሩ ካምቢዮው ላይ የታሰረው በአራት ብቻ ነው፤ ሁሉም በ17 ቁልፍ። ከታች ሁለት ዳዶ፣ ከላይ ሁለት ቡሎን። መጀመሪያ የታቹን ፍቱ፣ ከዚያ ክሪኩን ጣውላ ጨምራችሁ ከሞተሩ ስር አስጠጉና ክብደቱን ያዙ፤ ከዚያ በኋላ የላዩን። በላይ በቀኝ ያለው ቡሎን ሞተሪኖውንም (ማስነሻ ሞተሩንም) የያዘው ነው። አንድ ሰው ከስር፣ አንድ ሰው ከፋኑ ጀርባ እጁን አሾልኮ ቢሠሩት ይቀላል።

7. ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ኋላ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሳቡት፤ የካምቢዮው ዘንግ ከፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ብቻ ዝቅ አድርጉት። ክብደቱ ከ100 ኪሎ በላይ ነው። ዘንጉ ላይ ከተንጠለጠለ ዲስኩ ይጣመማል፤ በኋላ ማርሽ አልገባ የሚለውም ከዚህ የተነሳ ነው።

ከወረደ በኋላ፦ ቮላኖውና ፍሪሲዮኑ

ኦይል ሲሉ የሚቀየረው ቮላኖው ሲወጣ ነው። የመሐሉ ዳዶ 36 ሚሊ ሲሆን ልኩ ከ300 እስከ 350 ኒውተን ሜትር ነው። ይህን የሚደርስ ቶርክ ቁልፍ በቀላሉ ስለማይገኝ በክብደት ይሠራል፦ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዳዶው መሐል 50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ባለ ጠንካራ ዘንግ ጫፍ ላይ ሙሉ ክብደቱን ሲያሳርፍ 343 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ዘንጉ አግድም መሆን አለበት፤ ቮላኖውም በላሜራ ብረት ታስሮ መያዝ አለበት። በመዶሻ እየመቱ ማጥበቅ አይሠራም፤ ያልጠበቀ ቮላኖ መያዣ ፒኖቹን ሰባብሮ ክራንክ ሻፍቱን ያበላሻል።

ከማውጣታችሁ በፊት የቮላኖውን አቀማመጥ በነጥብ ምልክት አድርጉ። ከኦይል ሲሉ ጀርባ ሦስት ቀጫጭን ራንዴላዎች አሉ፤ ሁልጊዜ ሦስት ናቸው፣ ጨዋታውን የሚወስነውም ውፍረታቸው ነው። ለመለካት ሲሉን ሳታስገቡ በሁለቱ ብቻ ቮላኖውን አጥብቁና በዲያል መለኪያ ጨዋታውን አንብቡ። ካነበባችሁት ላይ 0.10 ሲቀነስ የሦስተኛው ውፍረት ይወጣል። ለምሳሌ 0.42 ከተነበበ ሦስተኛው 0.32 ሚሊ መሆን አለበት። አዲሱን ሲል ከንፈሩን ዘይት ቀብታችሁ ዙሪያውን እኩል እየገፋችሁ አስገቡት። ቮላኖው ውስጥ የጎማ ቀለበት ካለው እሱም ይቀየር፤ ብዙ ጊዜ ሲል ተቀይሮ ዘይቱ አልቆም የሚለው ይህ ቀለበት ስለሚረሳ ነው።

እግረ መንገዳችሁን የካምቢዮውን በሞተሩ በኩል ያለውን ኦይል ሲል ቀይሩ። የፍሪሲዮን ዲስኩ 180 ወይም 200 ሚሊ ነውና ለክታችሁ ግዙ። የፍሪሲዮን ቡሎኖች 25 ኒውተን ሜትር፣ በመስቀለኛ፣ በትንሽ በትንሹ።

ቴስታታውና ቱቦዎቹ

ቱቦዎቹ በሙሉ የሚቀየሩ ከሆነ ቴስታታው መነሳት አለበት። ዳዶዎቹን ፈትታችሁ በጎማ መዶሻ ቀስ ብላችሁ አላሉት፤ ሌላ ሰው ሲሊንደሮቹን ወደ ብሎኩ ገፍቶ ይያዝ። ሲሊንደሩ ከቴስታታው ጋር ተነስቶ ከወጣ የስሩ ጓርኒሲዮን ይበላሻል፣ ፋሻዎቹም ሊሰበሩ ይችላሉ።

ቴስታታው እጃችሁ ላይ እያለ ብርሃን ወዳለበት አንሱትና በክንፎቹ መሐል አሻግራችሁ እዩ። ፋብሪካው ሲያቀልጠው የተረፈ ቀጭን የአሉሚኒየም ቅጠል በካንዴላው አካባቢና በጭስ መውጫው በኩል አየሩን ዘግቶ የሚገኝ ቴስታታ ብዙ ነው። በአይጥ ጭራ ሞረድ ጠርጋችሁ ብርሃኑ እስኪያልፍ ክፈቱት። ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ምንም ሳያስወጣ ሞተሩን ይበልጥ የሚያቀዘቅዘው ይህ ነው። ክንፎቹን ቀለም አትቀቡ።

አዲሶቹ ቱቦዎች በሁለቱም ጫፍ እንደ አኮርዲዮን የታጠፉ ናቸው። ከመግባታቸው በፊት ከእጥፋት ጫፍ እስከ እጥፋት ጫፍ ከ190 እስከ 191 ሚሊ ሜትር እስኪሆኑ በእጅ ጎትቱ። ካጠሩ ጎማውን አይጫኑትም፣ ከሚገባው በላይ ከተጎተቱ ይሰነጠቃሉ። የቱቦው ብየዳ መስመር ወደ ላይ ይሁን፤ ዘይቱ የሚጋደመው ከታች ነውና። ጎማው ነጩ ሲሊኮን ቢሆን ሙቀቱን ይበልጥ ይችላል።

የቴስታታ ዳዶዎችን መጀመሪያ ሁሉንም በ10 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ ከመሐል ወደ ዳር በመስቀለኛ አጥብቁ፦ 10 ሚሊ ዘንግ ከሆነ 32፣ 8 ሚሊ ከሆነ 25። አንዱ ዳዶ እየዞረ አልጠብቅ ካለ ቁሙ። ብሎኩ የማግኒዚየም ቅይጥ ስለሆነ ዘንጉ ፊሌቱን ይዞ እየወጣ ነው፤ ቶርኖ ቤት የብረት ማስገቢያ ፊሌት ይሠራለታል። እያወቁ መግጠም ቴስታታው ከጥቂት ወራት በኋላ ጭስ እንዲተነፍስ መተው ነው።

ማቀዝቀዣው፣ ላሜራው፣ ጎማው

የፋን ቤቱ ሲነሳ የዘይት ማቀዝቀዣው በግራ ቆሞ ይታያል። መሐሉ በዘይትና በአቧራ ተደፍኖ ከሆነ በላምባ አርሳችሁ በአየር ንፉት፤ የተደፈነ ማቀዝቀዣ ከኋላው ያለውን 3ኛ ሲሊንደር ያቃጥላል። ጎማዎቹ እንደ ብሎኩ ቀዳዳ ስፋት ይለያያሉ፤ 8 ሚሊም 10 ሚሊም አለ። ሱማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ።

ላሜራዎቹን ስትገጥሙ የሚረሱት ትንንሾቹ ናቸው፦ በሁለቱ ሲሊንደሮች መሐል ከስር የሚገባው አየር መላሽ፣ ከቱቦዎቹ በላይ ያለው የታች ላሜራ፣ ከፑሊው ጀርባ ያለው ግማሽ ክብ። እነዚህ ከሌሉ አየሩ የሲሊንደሩን ግማሽ ብቻ ነክቶ ያልፋል። ሁሉንም በሽቦ ቡሩሽ ጠርጋችሁ፣ የተሰነጠቀውን አስበይዳችሁ፣ አንቲረስት ከዚያም ሙቀት የሚችል ጥቁር ቀለም በስሱ ቀቡ።

ቴርሞስታቱ በቀኝ ሲሊንደሮች ስር ነው። የሞቀ ውኃ ውስጥ ክተቱት፤ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሲደርስ ርዝመቱ ቢያንስ 46 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ካልሠራና አዲስ ካልተገኘ የፋን ቤቱን በሮች ክፍት አድርጋችሁ እሰሩ፤ ሞተሩ ዘግይቶ ይሞቃል እንጂ አይጎዳም። ተዘግተው የተረሱ በሮች ግን ሞተሩን ይጨርሱታል።

አሁን ባዶውን የሞተር ቤት እጠቡ። ዝገቱን ጠርጉ፣ አንቲረስት ቀቡ፣ ቀለሙ ሲደርቅ ሽቦዎቹን እንደገና ጠቅልሉ። የዙሪያው ጎማ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት መግባት አለበት። የቦዲውን የላሜራ ቦይ በካቻቪቴ ትንሽ ከፍታችሁ፣ ጎማውን በሳሙና ውኃ አርሳችሁ ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ግራና ቀኝ አስገቡ፤ ከዚያ ቦዩን በፒንሳ መልሳችሁ ጨፍኑ።

የቤንዚን ጎማውን ያለ ምንም ክርክር ቀይሩ፤ የቮልስ እሳት ከየትም በላይ የሚነሳው ከዚህ ነው። የውስጥ ስፋቱ 5.5 ሚሊ፣ በሁለቱም ጫፍ ፋሼታ (ማሰሪያ ቀለበት) ያለው። የብረት ቱቦው የፊቱን ላሜራ በሚያልፍበት ቀዳዳ የጎማ መከላከያ ከሌለ ንዝረቱ ቱቦውን ይቆርጠዋል። የቤንዚን ፊልትሮ ከዲስትሪቢውተሩ በላይ አንጠልጥሎ መግጠም የተለመደ ቢሆንም በጣም አደገኛ ነው፤ ቦታው ከሞተር ቤቱ ውጭ፣ ካምቢዮው አጠገብ ወይም ታንኩ ስር ይሁን። ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባበትን የነሐስ አፍ በእጃችሁ ነቅንቁት። ከተንቀሳቀሰ አንድ ቀን ይወልቅና ቤንዚኑን የጋለ ሞተር ላይ ይረጨዋል፤ አውጥታችሁ ፊሌት አሠርታችሁ መልሱት።

መመለስና ማስነሳት

የካምቢዮውን ዘንግ ጥርስ በጣም ትንሽ ግሪስ አስነኩት። ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ ስታስጠጉ ካልገባ ፑሊውን በቁልፍ ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ በቡሎን ስባችሁ አታስገቡ። አራቱ መያዣዎች 30 ኒውተን ሜትር። የዙሪያው ጎማ ከንፈሮች ላሜራውን ከላይና ከታች መጉረሳቸውን በጣት ዙሩበት። ከዚያ ማታ ከመኪናው ስር መብራት አብሩና ከላይ ኮፈኑን ከፍታችሁ እዩ፤ ብርሃን ባለፈበት ሁሉ ትኩስ አየር ያልፋል።

ባልቦላው የሚስተካከለው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ነው፦ ክፍተቱ 0.15 ሚሊ። 1ኛውን ጨርሳችሁ ፑሊውን ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ 180 ዲግሪ ስትመልሱት 2ኛው፣ ከዚያ 3ኛው፣ ከዚያ 4ኛው ይደርሳል። የፑንቲናው (በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያለው መገናኛ) ክፍተት 0.4 ሚሊ፣ ካንዴላው ከ0.6 እስከ 0.7። የእሳት ቅደም ተከተሉ 1-4-3-2። የፋን ቺንጊያው (ቀበቶው) በአውራ ጣት ሲጫን 15 ሚሊ ያህል ይግባ፤ የሚስተካከለው በዲናሞ ፑሊው መሐል ያሉትን ራንዴላዎች በመጨመርና በመቀነስ ነው።

2.5 ሊትር ዘይት ጨምሩ። የቦቢናውን ዋና ገመድ ነቅላችሁ ቦዲ ላይ አስራችሁ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ ብቻ አዙሩት፤ ከዚያ ገመዱን መልሳችሁ አስነሱ። እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር፣ አንድ ሰው የቤንዚን መስመሩን እያየ ይቁም። ሞተሩ ሲሞቅ ሚኒሞውን (ቆሞ ሲሠራ ያለውን ዙር) አስተካክሉ። በከፍታ ቦታ ጥቁር ጭስ ካወጣና ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ዋናውን ጂግሌር (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥነውን ባለቀዳዳ ቡሎን) አንድ ደረጃ አሳንሱና ካንዴላውን ደግማችሁ እዩ፤ ቡናማ ሲሆን ልክ ነው። ወደ ቆላ፣ ለምሳሌ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ከመውረዳችሁ በፊት ግን ትልቁን መልሱ፤ አለበለዚያ ቤንዚን ያንሰውና ይግላል።

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን አፍስሱ፣ ወንፊቱን እጠቡ፣ ባልቦላውን ደግማችሁ ለኩ፣ የማርሚታውንና የቤንዚን መስመሩን ማሰሪያዎች በእጅ ነካክታችሁ ያልጠበቀውን አጥብቁ።